ከጉባኤው በፊት የተቆጠረ ድምፅ



ቀኑ ሰኞ፣ ሜይ 4 ቀን 1846 ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ሰዓቱን ግን በእኛው እቆጥራለሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በሰሜን እንግሊዝ የዮርክና ኖርዝ ሚድላንድ ምድር ባቡር ኩባንያ ባለአክሲዮኖች ጉባኤ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ወደ ፓርላማ የሚቀርቡ ስድስት ረቂቅ ሕጎችንና ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር የተደረጉ ውሎችን አቀረበላቸው፤ ጸደቁ። አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ያው ሰው የኒውካስልና ዳርሊንግተን ኩባንያን ባለአክሲዮኖች ሰባት ረቂቅ ሕጎች አስጸደቀ። አራት ሰዓት ተኩል ሲል ደግሞ በሦስተኛው ኩባንያ፣ በኒውካስልና በርዊክ ቦርድ ውስጥ ወንበሩን ይዞ ተቀምጧል። በፊተኛው ቅዳሜ የሚድላንድ ኩባንያ ባለአክሲዮኖች 26 ረቂቆችን ተቀብለውለት ነበር። ይህን የተረከልን ጆን ፍራንሲስ ነው፤ በ1851 ባሳተመው የእንግሊዝ ምድር ባቡር ታሪክ። እንደ እሱ ስሌት በሁለቱ ቀናት ውስጥ 40 ያህል ረቂቆች ይሁንታ አግኝተዋል፤ የሚጠይቁት ወጪም ወደ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ይጠጋ ነበር።

ሰብሳቢው ጆርጅ ሃድሰን ይባላል። የገበሬ ልጅ ነው፤ ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ ዮርክ ከተማ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ለሥራ ገባ፣ ሱቁም በኋላ የእሱ ሆነ። በ1827 ከአንድ ዘመዱ 30,000 ፓውንድ ወረሰ። በ1837 የዮርክ ከተማ ከንቲባ ነው። በ1840ዎቹ አጋማሽ ከ1,000 ማይል በላይ ሐዲድ በእጁ ስላለ አገሩ ሁሉ «የባቡር ንጉሥ» ይለዋል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በሩብ ሰዓት ሰባት ሕግ የሚያጸድቁት ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች ነበሩ? ሞኞች አልነበሩም። ብዙዎቹ ሱፍና ጥጥ ሲነግዱ ያረጁ፣ ሳንቲም የማትጠፋቸው የሊድስ፣ የሊቨርፑልና የማንቸስተር ሰዎች ናቸው። እኔ የምለው በዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚወሰን ነገር ከቶ አልነበረም ነው። የኩባንያ ውህደት ድምፅ የሚሰጠው፣ የሚቆጠረውና የሚያልቀው ስብሰባው ከመከፈቱ በፊት ነበር፤ በሦስት ቦታ፦ በድምፅ አሰጣጡ ደንብ፣ በውክልናው ወረቀትና አንዱ አክሲዮን በሌላው በሚለወጥበት ዋጋ።

ከደንቡ ልጀምር። በ1845 የእንግሊዝ ፓርላማ በራሱ አዋጅ ለሚያቋቁማቸው ኩባንያዎች የጋራ ደንብ አወጣ። ኩባንያው በአዋጁ የተለየ ነገር ካልተጻፈለት በቀር ድምፅ የሚሰጠው እንዲህ ነው፦ እስከ አሥር አክሲዮን ድረስ ለእያንዳንዱ አንድ ድምፅ። ከአሥር በላይ እስከ መቶ ድረስ በየአምስቱ አክሲዮን አንድ ድምፅ። ከመቶ በላይ በየአሥሩ አንድ። አስሉት እንግዲህ። መቶ አክሲዮን ያለው ሰው 28 ድምፅ አለው። ሺህ አክሲዮን ያለው 118 ብቻ ነው። አሥር አሥር አክሲዮን የያዙ መቶ ሰዎች ግን፣ በድምሩ ያው ሺህ አክሲዮን ሆኖ ሳለ፣ 1,000 ድምፅ አላቸው።

ሐሳቡ ያማረ ነው። ትልቁ ትንሹን እንዳይውጥ የታጠረ አጥር ነው። ነገር ግን ድምፁ የሚቆጠረው በመዝገብ ላይ በሰፈረው ስም ልክ ስለሆነ፣ ሺህ አክሲዮን ያለው ባለጸጋ ወረቀቱን በወንድሙ ልጅ፣ በአማቹ፣ በቢሮ ጸሐፊው ስም አሥር አሥር አድርጎ ቢያከፋፍለው አጥሩ ላይ በር ከፈተ ማለት ነው። ደንቡ የሚያየው ስም ነው፤ ከስሙ ጀርባ ያለውን ኪስ አያይም።

በደንቡ ውስጥ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላም ነገር አለ። «ማንኛውም ባለአክሲዮን» ይላል እንጂ «ወንድ» አይልም። ስለዚህ በራሷ ስም አክሲዮን የያዘች መበለት ወይም ያላገባች ሴት ሁለት የባቡር ኩባንያዎች ይዋሐዱ አይዋሐዱ በሚለው ላይ ድምፅ መስጠት ትችል ነበር፤ ለፓርላማ ለመምረጥ እስከ 1918 መጠበቅ ነበረባት። ባል ያላት ሴት ግን ንብረቷ በአገሩ ሕግ የባሏ ስለነበረ ጉዳዩ ሌላ ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በሞግዚቱ፣ አእምሮው የታወከ ሰውም በሕጋዊ ጠባቂው በኩል ድምፅ ይሰጣል። በአክሲዮኑ ላይ የተጠየቀውን ክፍያ ያላጠናቀቀ ብቻ ድምፁን ያጣል። ለባቡር ጉባኤ የተከፈተው በር ለአገር ጉባኤ ከተከፈተው በር ይሰፋ ነበር። ይህ ለእኔ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ውክልናው። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። በራሱ መምጣት የማይችል ባለአክሲዮን ሌላውን ባለአክሲዮን ሊወክል ይችላል። ደርቢ ላይ ለሚደረግ ስብሰባ ከሊቨርፑል ወይም ከለንደን ማን የሥራ ቀኑን ያባክናል? ብዙው ወረቀት ፈርሞ ይልካል። ታዲያ ደንቡ ይህ ወረቀት ስብሰባው ሊከፈት 48 ሰዓት ሲቀረው ለኩባንያው ጸሐፊ መድረስ አለበት ይላል። ቃሏን ልብ በሉልኝ፤ ለጸሐፊው። ጸሐፊው ማነው? የቦርዱ ተቀጣሪ።  እንግዲህ ቅዋሜ ያለው ሰው ሰኞ ጠዋት ንግግሩን ይዞ ሲመጣ፣ ሰብሳቢው ከቅዳሜ ጀምሮ በኪሱ ስንት ድምፅ እንዳለው ያውቃል። ተቃዋሚው አዳራሹን በጭብጨባ ቢያናውጠውም «ቆጠራ ይደረግ» ሲባል የወረቀቱ ክምር ከመሳቢያ ይወጣል። በእኩል ድምፅ ቢለያዩ ደግሞ ሰብሳቢው አንድ ተጨማሪ ድምፅ አለው። ከእናንተ መካከል የባንክ ወይም የኢንሹራንስ አክሲዮን ኖሮት ለጠቅላላ ጉባኤ ውክልና ፈርሞ የላከ ሰው ካለ የምናገረው ባዕድ አይሆንበትም።

ይህን በጊዜው በግልጽ የተቸ ሰው ነበር። ፈላስፋው ኸርበርት ስፔንሰር ነው። እሱ ራሱ በወጣትነቱ በባቡር መንገድ ሥራ ላይ መሐንዲስ ሆኖ አገልግሏል፤ ወሬ ሰምቶ የሚጽፍ አልነበረም። በ1854 በኤዲንብራ ሪቪው ባወጣው ጽሑፍ ቦርዶች ባለአክሲዮኑን እንዴት እንደሚመሩት ከዘረዘረ በኋላ ከዚያ የጠለቀ ነገር አነሳ። ሰው ገንዘቡን ሲያወጣ ከዚህ ከተማ እዚያ ከተማ ለሚሠራ አንድ መንገድ ነው የተዋዋለው፤ ታዲያ አብላጫው ተነስቶ ያላሰበው ሌላ ሥራ ውስጥ ሊያስገባው በምን መብቱ ነው? አብላጫ ድምፅ የሚገዛው ሰዎቹ ለተሰበሰቡበት ጉዳይ ብቻ ነው፣ ከዚያ ውጭ አይደለም የሚል ክርክር ነው። እኔ ስፔንሰርን በብዙ ነገር አልከተለውም፤ በዚህኛው ግን መልስ የሰጠው አላየሁም።

ሦስተኛውን፣ የልውውጡን ዋጋ፣ ደርቢ ላይ እንየው። በ1840 አካባቢ በዚህች የመካከለኛው እንግሊዝ ከተማ ሦስት ኩባንያዎች ተገናኝተው በአንድ ጣቢያ ይጠቀሙ ነበር። ኖርዝ ሚድላንድ ከደርቢ ወደ ሰሜን እስከ ሊድስ ይሄዳል። ሚድላንድ ካውንቲስ በኖቲንግሃምና በሌስተር በኩል ወርዶ ራግቢ ላይ ከለንደን መንገድ ጋር ይገናኛል። የበርሚንግሃምና ደርቢ ኩባንያ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ሄዶ፣ እሱም ያንኑ የለንደን መንገድ ሃምፕተን ላይ ያገኘዋል። እንግዲህ ከሊድስ ወደ ለንደን የሚሄድ መንገደኛ ደርቢ ሲደርስ ሁለት ሻጭ ይጠብቀዋል፤ አንዱ በራግቢ፣ ሌላው በሃምፕተን ሊወስደው። ሁለቱ ኩባንያዎች ዋጋ እየጣሉ ተፋጁ። መንገደኛው ተደሰተ፤ ባለአክሲዮኑ ግን ትርፍ ድርሻው እየመነመነ፣ የአክሲዮኑ የገበያ ዋጋም እየወረደ ሄደ። በአንድ ጣቢያ ሦስት ቦርድ፣ ሦስት ጸሐፊ፣ ለባቡሮቹም ሦስት የየራስ መጠገኛ።

ሃድሰን መጀመሪያ የገባው በኖርዝ ሚድላንድ በኩል ነው። በ1842 የኩባንያው ባለአክሲዮኖች ተቆጥተው አጣሪ ኮሚቴ ሲያቋቁሙ እሱ መሪ ሆነ፣ ወጪ ቆረጠ፣ ቦርዱን ያዘ። ቀጥሎ ከሦስቱ ደካማ ከሆነው ከበርሚንግሃምና ደርቢ ጋር በምስጢር ተስማማ። የሰሜኑ መንገደኛ ሁሉ በዚያ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ሚድላንድ ካውንቲስ ምን ይበላል? ጥያቄው ራሱ ያቅማሙ የነበሩትን ሰዎች አሳመናቸው። ከዚያ በኋላ የቀረው ዋጋ መቁረጥ ነው፤ የኖርዝ ሚድላንድና የሚድላንድ ካውንቲስ አክሲዮን እኩል ተቆጠረ፣ የበርሚንግሃምና ደርቢው ከእነሱ ዝቅ ብሎ ገባ። ሦስቱም ጉባኤዎች በ1843 ተስማሙ፤ ሜይ 10 ቀን 1844 ፓርላማው አጸደቀው። ሚድላንድ የሚባለው ኩባንያ በዚህ ተወለደ፤ ሃድሰን ሊቀመንበር፣ የሌስተሩ ጆን ኤሊስ ምክትል።

በዚህ ውህደት ውስጥ የበርሚንግሃምና ደርቢ ባለአክሲዮኖች ለምን በዝቅተኛ ዋጋ እጃቸውን አወጡ? ምርጫው በሙሉ ዋጋና በቅናሽ ዋጋ መካከል ስላልነበረ ነው። በቅናሽ መግባትና የዋጋውን ጦርነት ብቻቸውን መቀጠል ነበር ከፊታቸው የቀረበው። የጥያቄውን አቀራረብ የያዘ ሰው መልሱን ይዟል። 

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ክፉው። የዚያ ዘመን ባለገንዘብ በአንድ ኩባንያ ብቻ አክሲዮን አይዝም። «የሊቨርፑል ወገን» እየተባሉ የሚጠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ለለንደን ቅርብ ከሆኑ መስመሮች እስከ ሰሜን ድረስ ገንዘባቸው የሌለበት ኩባንያ አልነበረም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ሰው በገዢውም በሚሸጠውም ኩባንያ ጉባኤ ላይ ድምፅ አለው። በሚሸጠው ውስጥ ያለው ድርሻ ከበለጠ፣ በገዢው ጉባኤ ላይ ተነስቶ «ዋጋው ተገቢ ነው» ብሎ ቢመሰክር የሚመሰክረው ለራሱ ኪስ ነው። ሕጉ ይህን አልከለከለውም።

ሕጉ ጨርሶ ዝም ብሎ ነበር ግን አልልም። በ1838 ሎርድ ዋርንክሊፍ በሎርዶች ምክር ቤት አንድ ደንብ አስወሰኑ፤ ኩባንያ አዲስ ሥልጣን ለማግኘት ወደ ፓርላማ ከመምጣቱ በፊት ባለአክሲዮኖቹን በልዩ ስብሰባ ጠርቶ ከፍ ያለ የድምፅ ብልጫ ማግኘት አለበት አሉ፤ መጀመሪያ ከአምስት ሦስቱን፣ በኋላ ከአራት ሦስቱን። ስብሰባዎቹም በስማቸው «የዋርንክሊፍ ስብሰባ» ተባሉ። በመግቢያዬ ያወራኋችሁ የ1846 ዓይነት ስብሰባዎች የዚህ ደንብ ፍሬ ናቸው። ባለአክሲዮኑን ለመጠበቅ የተሠራው ደንብ በሩብ ሰዓት የሚታለፍ ሥርዓት ሆነ። በዚያ ዓመት ፓርላማው 272 የባቡር አዋጅ አውጥቷል፤ አገሩ ሁሉ በባቡር አክሲዮን ሰክሮ ነበር። ሌላው ሰው እየከበረ ሲሄድ «ቆይ፣ ሒሳቡን ልየው» የሚል ሰው በአዳራሽ ውስጥ ወዳጅ አያገኝም።

ሒሳቡን የጠየቀው ሰው የመጣው ገበያው ከወደቀ በኋላ ነው። ያው የሃድሰን የኒውካስልና ዳርሊንግተን ኩባንያ በ1845 ግሬት ኖርዝ ኦፍ ኢንግላንድ የሚባለውን መስመር ሲጠቀልል ለባለአክሲዮኖቹ የገባው ቃል የሚያስደነግጥ ነበር፤ በዓመት አሥር ከመቶ ትርፍ ድርሻ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የመቶ ፓውንዱን አክሲዮን በ250 ፓውንድ መግዛት። ጉባኤው አጸደቀው። ኩባንያው እነዚያን አክሲዮኖች ቀስ በቀስ ከገበያ መሰብሰብ ነበረበት። በፌብሩዋሪ 1849 የዚሁ ኩባንያ ወራሽ የሆነው የዮርክ፣ ኒውካስልና በርዊክ ኩባንያ ዮርክ ላይ ባደረገው ስብሰባ ሮበርት ፕራንስ የተባለ የለንደን አክሲዮን ገበያ ሰው ተነሳ። ወረቀት ላይ አስልቶ መጥቷል። ኩባንያው እነዚህን አክሲዮኖች በዚህና በዚህ ጊዜ ከገበያው ዋጋ በላይ ገዝቷል፤ ሻጩ ማነው? አለ። ሻጩ ሊቀመንበሩ ራሱ ነበር። ሃድሰን ሊያስተባብል ሞከረ፣ ልዩነቱን እመልሳለሁም አለ፤ ግን አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ አንዱ ማኅደር ሲከፈት ሌላው ይከተል ጀመር። በሌሎች ኩባንያዎቹም ትርፍ ድርሻ ከዋና ገንዘብ ይከፈል እንደነበረ ታወቀ። በአፕሪል ከሚድላንድ ሊቀመንበርነት ወረደ፤ ኤሊስ ተተካ። የፓርላማ አባልም ነበርና፣ አባል እስከሆነ ድረስ በዕዳ ሊታሰር አይችልም ነበር፤ በ1859 ወንበሩን ሲያጣ ወደ ፈረንሳይ ሸሸ። በ1871 ሞተ።

ልብ በሉ፤ ፕራንስ ያሸነፈው በድምፅ ብልጫ አይደለም። የውክልና ክምር አልነበረውም። አንድ ጥያቄ ነበረው፣ ከጥያቄው ጋርም ቀንና ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ለዓመታት የተሰጠ ድምፅ ሁሉ ያላደረገውን ያች ወረቀት አደረገችው።

አሜሪካኖቹ ነገሩን በሌላ መንገድ አዩት፤ እነሱ ዘንድ ድምፅ በጉልበት ይፈለግ ነበር። በ1869 ከአልባኒ እስከ ቢንግሃምተን የሚሄደውን 142 ማይል መስመር ጄይ ጉልድና ጂም ፊስክ ለኢሪ ባቡር ኩባንያ ሊጠቀልሉት ፈለጉ። ሊቀመንበሩ ጆሴፍ ራምዚ አሻፈረኝ አለ። ዳኛ በዳኛ ላይ እግድ አወጣ፣ የሁለቱ ወገን ሠራተኞች በባቡር ተሳፍረው አንድ ዋሻ አጠገብ ተጋጩ። በሴፕቴምበር 7 በአልባኒ በተደረገው የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ፊስክ ጉልበተኞችን ውክልና አሲዞ ከኒውዮርክ አመጣ። በዚያው ቀን ሁለት ምርጫ ተካሄደ፣ ሁለት ቦርድ ተመረጠ፣ ሁለቱም «እኛ ነን ሕጋዊዎቹ» አሉ። ፍርድ ቤት በመጨረሻ ለራምዚ ፈረደ፤ እሱም በ1870 መስመሩን ለዴላዌርና ሃድሰን ኩባንያ አከራየው። የባቡሩን ባለቤትነት የወሰነው ጉባኤው አልነበረም፤ ዳኛው ነው።

በእንግሊዝ ደግሞ ፓርላማው ራሱ ሁለተኛ ድምፅ ሰጪ ሆነ። ባለአክሲዮኖች ቢስማሙም ነጋዴውና መንገደኛው አልተጠየቁም፤ ሁለት ተፎካካሪዎች ሲዋሐዱ የጭነት ዋጋ የሚከፍለው ማነው? በ1853 በካርድዌል የተመራው የፓርላማ ኮሚቴ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እንዲዋሐዱ አልደገፈም። በ1870ዎቹ መጀመሪያ የለንደንና ኖርዝ ዌስተርን ኩባንያ ከላንክሻየርና ዮርክሻየር ጋር ለመዋሐድ ተስማምተው ቢቀርቡ ተከለከሉ። በ1872 የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ኮሚቴ ስለ ውህደት በሰፊው መረመረ፤ ፉክክር በሕግ ትእዛዝ እንደማይጸና፣ ኩባንያዎቹ ባይዋሐዱም በውስጥ መስማማታቸው እንደማይቀር ምስክሮቹ ነግረውታል። ክልከላው ግን አልተነሳም። ሁለቱ ኩባንያዎች ሐዲድና ጣቢያ እየተጋሩ፣ በወረቀት ግን ተለያይተው ኖሩ። የተዋሐዱት ጃንዋሪ 1 ቀን 1922 ነው፤ አያቶች የተስማሙበትን የልጅ ልጆች ፈጸሙት።

ያኔ ደግሞ ጨዋታው ተለውጦ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1921፣ ፓርላማው ከመቶ በላይ የሚሆኑትን ኩባንያዎች በአራት እንዲጠቃለሉ በአዋጅ አዘዘ። ባለአክሲዮኖች አሁንም ይሰበሰቡ ነበር፣ አሁንም ውክልና ይላክ ነበር፤ የሚጠየቁት ግን በምን ዋጋ እንደሚዋሐዱ ብቻ ነው። በዋጋው ካልተስማሙ ለዚሁ የተቋቋመ የዳኝነት ጉባኤ ይቆርጥላቸዋል። ሚድላንድ፣ ለንደንና ኖርዝ ዌስተርን፣ ሌሎችም ጃንዋሪ 1 ቀን 1923 በአንድ ስም ሥር ገቡ።

ጥያቄ ካላችሁ ጊዜ አለን።